ከእግር ጀምሩ፦ መድረክ ላይ ስለ መቆምና ስለ መንቀሳቀስ

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ወጣቶችን ዘፈንና ውዝዋዜ አሠለጥናለሁ። እኔም የኪነት ልጅ ነኝ። በሰርግ ዳስ፣ በአዳራሽ፣ በሜዳ ላይ በዓል ዘፍኛለሁ። ወደ እኔ የሚመጡት ልጆች ድምፅ አላቸው። የጎጃም ልጅ ድምፅ አይቸግረውም፤ ከብት ሲጠብቅ ከጋራ ጋራ ሲጣራ ያደገ ጉሮሮ ነው። የሚቸግራቸው ሰውነታቸው ነው። ቤት ውስጥ ሲያንጎራጉሩ አፍ የሚያስከፍቱ ልጆች መድረክ ሲወጡ ትከሻቸው ወደ ጆሮ ይወጣል፣ ጉልበታቸው ይገተራል፣ ነጠላቸውን ጨብጠው አይለቁም። ሌሎቹ ደግሞ መሰንቆው ገና ሳይቃኝ መንቀጥቀጥ ይጀምራሉ። ሁለተኛው አዝማች ላይ ሲደርሱ ትንፋሻቸው አልቋል።

ለሁለቱም የምሰጠው ምክር አንድ ነው፤ መጀመሪያ መቆም ተማሩ። እርጋታ ማለት ድርቅ ብሎ መቅረት አይደለም። ከሰውነታችሁ አንዱ ክፍል እንዲረጋ፣ ሌላው ግን እንደ ልቡ እንዲሄድ መፍቀድ ነው። የቱ እንደሚረጋ፣ የቱ እንደሚሄድና መቼ እንደሚሄድ ማወቅ ደግሞ በልምምድ የሚገኝ ነገር ነው። ከዚህ በታች የማሠለጥንበትን መንገድ እጽፋለሁ።

ማኅሌቱን እዩ

አባቴ ደብተራ ነበሩ። በበዓል ሌሊት እናቴ ይዛኝ ትሄድ ነበርና ከሴቶች ወገን ቆሜ ካህናቱ ሲያሸበሽቡ እያየሁ ነው ያደግኩት። ስለ እንቅስቃሴ ከዚያ የበለጠ ትምህርት ቤት እስከ ዛሬ አላገኘሁም።

ልብ ብላችሁ ካያችሁት ማኅሌቱ በአንዴ አይሞቅም። መጀመሪያ ቁም ዜማ ነው። ከበሮ የለም፣ ጸናጽል የለም፤ ድምፅ ብቻ ነው የሚሠራው። ቀጥሎ ዝማሜ ይመጣል። መቋሚያው ዜማውን ተከትሎ ወዲያና ወዲህ ይላል። ከዚያ መረግድ ነው። ከበሮና ጸናጽል ይገባሉ፤ ዝግ ብሎ ተጀምሮ እየፈጠነ ይሄዳል። ጽፋት ላይ ሲደርስ ጭብጨባው ይቀልጣል። ዜማው አንድ ሆኖ ሳለ ሰውነቱ ደረጃ በደረጃ ነው የሚጨመርበት። የሚያየው ሰው ልቡ ቀስ እያለ ይነሳል፤ ጫፍ ላይ ሲደርስም የት እንደ ተጀመረ ያውቃል።

ዘፈናችሁንም እንዲሁ ከፋፍሉት። የመጀመሪያውን ግጥም ቆማችሁ በሉት። ሁለተኛው ላይ አንገትና እጅ ይግቡ። መሣሪያው ብቻውን ሲጫወት ትከሻ ይምጣ። መጨረሻው ላይ ሁሉም ይውጣ። ከመጀመሪያው ስንኝ ሁሉንም ያወጣ ሰው በኋላ የሚጨምረው ነገር አይኖረውም።

ተክሌ የሚባለውን የዝማሜ ስልት ያወጡት፣ አብዛኞቻችን በቀልዳቸው የምናውቃቸው አለቃ ገብረ ሐና ናቸው። እንቅስቃሴውን የቀዱት ጣና ዳር የበቀለ ሸምበቆ ሲወዛወዝ አይተው ነው ይባላል። ልጆቹን ባሕር ዳር በወሰድኳቸው ቁጥር ሐይቁ ዳር አቁሜ ይህንኑ አሳያቸዋለሁ። ጫፉ ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ ይጎነበሳል። ሥሩ ግን ካለበት ንቅንቅ አይልም።

ሌላም አለ። ዕድሜያቸው የገፋ መሪጌቶች ሌሊቱን ሙሉ ቆመው ያድራሉ። እንዴት ይችሉታል ብላችሁ እግራቸውን ብታዩ ጉልበታቸው ተገትሮ አታገኙትም። አንዴ በቀኝ፣ አንዴ በግራ ይሆናሉ። መቋሚያውን ይደገፋሉ። ክብደታቸው ሁልጊዜ በቀስታ ይዘዋወራል።

እግርና ጉልበት

ጫማችሁን አውልቁና ወለሉ ላይ ቁሙ። እግራችሁን ከትከሻችሁ ስፋት ትንሽ ጠበብ አድርጉት፤ አንዱ እግር በግማሽ ጫማ ይቅደም። አሁን ክብደታችሁ የት እንዳረፈ ፈልጉ። ተረከዝ ላይ፣ አውራ ጣት ሥር፣ ትንሿ ጣት ሥር። ሦስቱም መሬቱን ሊነኩ ይገባል። ፈሪ ሰው ወይ ተረከዙ ላይ ወደ ኋላ ይሸሻል፣ ወይ በጣቱ ቆሞ ሊሮጥ ይዘጋጃል።

ከዚያ አፋችሁን ዘግታችሁ እያንጎራጎራችሁ በጣም በቀስታ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ተወዛወዙ። የሆነ ቦታ ላይ ድምፁ ይለቀቃል፣ ደረት ውስጥ ይሰማችኋል። ቦታችሁ እሱ ነው። ለእያንዳንዱ ሰው ይለያያልና የጓደኛችሁን አትቅዱ።

ጉልበታችሁን አትገትሩ። ይህን ሁልጊዜ የምጮኸው በምክንያት ነው። ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል ፀሐይ ላይ ቆመው ድንገት የሚወድቁ ተማሪዎችን አይታችሁ ይሆናል። ሰው ሳይንቀሳቀስ ሲቆም ደም ወደ እግሩ ይወርዳል። ወደ ላይ ገፍቶ የሚመልሰው በአብዛኛው የባት ጡንቻ ነው። ጉልበት ከተገተረና ባቱ ካልሠራ ወደ አንጎል የሚደርሰው ደም ያንሳል፤ ያዞራል፣ ዓይን ይጨልማል። መድረክ ላይ ፍርሃትና ሙቀት ሲጨመርበት ይብሳል። ጉልበቱ ታጠፈ እንዳይባል፣ ተገተረም እንዳይባል፣ ላላ ብሎ ይቁም።

ዳስ ውስጥ የምትጫወቱ ከሆነ መሬቱን ቀድማችሁ ርገጡት። የእኛ ዳስ ብዙ ጊዜ ደልዳላ መሬት ላይ አይተከልም። ቄጤማው ያንሸራትታል። በቄጤማው ሥር የሳውንድ ሲስተሙ ገመድ አለ። እንግዳ ሳይሞላ ከጫፍ ጫፍ ሂዱበት፣ የምትቆሙበትን ምረጡ፣ ገመዱን በጨርቅ ወይም በፕላስተር አስይዙት። አዲስ ጫማ ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ መድረክ ላይ አይደረግም። ቤት ውስጥ ለምዶ ይምጣ።

መቀነት

ይህ ክፍል በተለይ ለሴቶቹ ነው። ወንዶቹም አንብቡት።

አንዲት ልጅ ነበረችኝ። ልምምድ ላይ ረጅሙን ስንኝ በአንድ ትንፋሽ ትጨርሰዋለች። የትርኢት ቀን እኩሉ ላይ ይቆረጥባታል። ፍርሃት ነው ሲሏት እሷም አምና ነበር። መልበሻ ክፍል ገብቼ ስትለብስ አየኋት። ጓደኛዋ መቀነቱን ከጎድኗ ሥር ጀምራ፣ እምብርቷ ላይ እየደራረበች፣ እግሯን ግድግዳ ላይ አስደግፋ ነበር የምትስብላት። ወገቧ ቀጠን ብሎ እንዲታይ ነው። አስፈትቼ ጎድኗን እንድትይዝና እንድትተነፍስ አደረግኩ። ጎድኗ ወደ ጎን ይከፈታል፣ ሆዷ ይገፋል። መልሰን ስናጠብቀው ሁለቱም ቀሩ፤ የሚነሳው ትከሻዋ ብቻ ሆነ። ነገሩ ፍርሃት አልነበረም። ልጅቱ መተንፈሻ ነው ያጣችው።

አየር ስናስገባ ድያፍራም የሚባለው ከሳንባ ሥር ያለው ጡንቻ ወደ ታች ይወርዳል። ሲወርድ ሆድ ዕቃ ቦታ መልቀቅ አለበት፤ ስለዚህ ሆድ ወደ ፊት፣ የታችኛው ጎድን ወደ ጎን ይሄዳሉ። እዚያ ላይ ጥብቅ ነገር ካሰራችሁ ድያፍራሙ አይወርድም። ያኔ ሰውነት ትከሻን እያነሳ ከላይ ከላይ ይተነፍሳል። ከላይ የተሳበ ትንፋሽ አጭር ነው፤ አንገትንም ያስጨንቃል።

እንግዲህ መቀነቱን እንዲህ እሰሩት። መጀመሪያ በረጅሙ አየር አስገቡ፣ ሆዳችሁ ይገፋ። የመጀመሪያውን ዙር ከእምብርት በታች ዳሌ አጥንት ላይ አሳርፉት። እሱን ማጥበቅ ትችላላችሁ፤ አጥንት ላይ ነውና ትንፋሽ አይነካም። እንዲያውም ስትወዛወዙ ወገብን ይይዛል። ወደ ላይ የሚወጡት ዙሮች ግን ሁለት ጣት የሚያስገቡ ይሁኑ። ቀጠን ብሎ መታየት ያለበት ካለ በልብሱ ስፌት ይስተካከል። ወንዶቹም ቁምጣ ላይ የምታጠብቁትን ቀበቶ በዚሁ ሒሳብ እዩት።

ትንፋሹን ለማሠልጠን እጃችሁን ከጎድናችሁ ግራና ቀኝ አድርጉ። በአፍንጫ አስገቡ፣ ጎድኑ እጃችሁን ይግፋው፣ ትከሻው ዝም ይበል። ከዚያ «ስስስ» እያላችሁ በቀጭኑ አስወጡ፤ እስኪያልቅ አትጠብቁ፣ ትንሽ ሲቀር አቁሙ። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። ከዓባይ ሸለቆ ወገን ከቆላ የመጣ ልጅ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ትንፋሽ ቢያጥረው አይደንግጥ። ቀለል ካለ ልምምድ ይጀምር።

ትከሻ

እስክስታ የእኛ ነው። ጎጃሜ ዘፋኝ ትከሻውን ሳይነቀንቅ ከመድረክ ቢወርድ እንግዳው ቅር ይለዋል። ግን ረጅም ስንኝ እየዘፈናችሁ ትከሻ አትምቱ። ትከሻን የሚያንቀሳቅሱት ጡንቻዎች ከአንገትና ከደረት ጋር የተያያዙ ናቸው። እነሱ ሲነጥሩ ድምፁም አብሮ ይነጥራል፤ ቃሉ ይቆራረጣል። ማይክ ደግሞ ምንም አይደብቅም።

እስክስታው የራሱ ቦታ አለው። ስንኙ ሲያልቅና መሰንቆው ሲመልስ፣ ተቀባዮቹ አዝማቹን ሲያነሱ፣ ከበሮው ብቻውን ሲቀር፣ ያኔ ነው። የዘፈኑን ግጥም ወረቀት ላይ ጻፉና በየስንኙ መጨረሻ የት እንደምትመቱ ምልክት አድርጉ። ልጆቼ መጀመሪያ ይህን ሲሰሙ ውዝዋዜ እንዴት በወረቀት ይሆናል ይላሉ። ከሳምንት በኋላ ወረቀቱን ራሳቸው ይዘው ይመጣሉ።

ልምምዱ እንዲህ ነው። ዳሌያችሁንና የጀርባችሁን ታች ግድግዳ አስነኩ። ጉልበት ላላ ይበል። አሁን ትከሻን ብቻ ምቱ፤ ወደ ላይና ወደ ታች፣ ከዚያ ወደ ፊትና ወደ ኋላ። ዳሌው ከግድግዳው ከተላቀቀ ፍጥነቱን ቀንሱ። ብዙ ልጅ ትከሻው አልሄድ ሲለው ጉልበቱን ያነጥራል፤ ከሩቅ ሲታይ እስክስታ ሳይሆን ዝላይ ይሆናል። ግማሽ ፍጥነት ላይ ጥርት ያለ ትከሻ ሙሉ ፍጥነት ላይ ከተዝረከረከ ትከሻ ይበልጣል።

ቀጥሎ ትንፋሹን ጨምሩ። ጎበዝ ተወዛዋዦች በምቱ ልክ «እስ፣ እስ» እያሉ በጥርሳቸው መሐል አየር ሲያወጡ ሰምታችኋል። ያ ለማሳመር ብቻ አይደለም። አየሩ በየምቱ ጥቂት ጥቂት ስለሚወጣ ደረት አይታፈንም። ትንፋሹን ይዞ ትከሻ የሚመታ ሰው ፊቱ ይቀላል፤ ሲጨርስ ያለከልካል።

ከሁሉ የሚከብደው ማቆሙ ነው። ትከሻው እየደከመ እየደከመ እንዲጠፋ አትተዉት። በምቱ ላይ ቁረጡት። ደግሞም ቀጣዩ ስንኝ ከመጀመሩ ሁለት ምት አስቀድማችሁ ቁረጡት። በመጀመሪያው ምት ሰውነቱ ይረጋል። በሁለተኛው አየር ይገባል። ከዚያ ግጥሙ። እነዚህ ሁለት ምቶች ለዘፋኙ ትንፋሽ፣ ለተመልካቹ ደግሞ ናፍቆት ይሰጡታል። ዳሱ ሙሉ እጁን ሊያጨበጭብ የሚነሳው ብዙ ጊዜ እዚያች ዝምታ ላይ ነው።

ሽለላና ፉከራ

እዚህ ላይ ወጣቶቹ ሁሉ ይቸኩላሉ። እየዘለሉ ይጮኻሉ። ቃሉ አይሰማም። ፉከራ ግጥም ነው፤ ግጥሙ ካልተሰማ ጫጫታ ብቻ ይቀራል።

ቅደም ተከተሉ ሂድ፣ ቁም፣ በል ነው። ስትሄዱ አትናገሩ። እርምጃው ሰፊ ይሁን፣ ከዳሌ ይነሳ። ስትቆሙ የፊተኛው እግር መሬቱን ሙሉ በሙሉ ይርገጥ። እግሩ ካረፈ በኋላ ነው «ዘራፍ» የሚወጣው። ስንኙ ሲያልቅ እንደገና ሂዱ፣ ዙሩ፣ አየር አስገቡ። ዱላ ከያዛችሁ ከፊታችሁ ዘወር ይበል፤ ጫፉም ወደ እንግዳ አይዙር። ጠባብ ዳስ ውስጥ ዱላውን ከትከሻ በላይ አታንሱ። አምፖል አለ፣ ሕፃን አለ።

አገጭና ማጅራት

ከፍ ያለ ድምፅ ሲመጣ አገጭ ይነሳል። ድምፁ ከላይ የተሰቀለ ይመስል ሁሉም አንጋጦ ይፈልገዋል። ሲያንጋጡ ማጅራት ያጥራል፣ የጉሮሮ ፊት ይወጠራል፣ ድምፁም ይቀጥናል።

ይህን ነገር በራሱ ላይ አጥንቶ ዓለም ያወቀው ሰው ፍሬድሪክ ማታያስ አሌክሳንደር ይባላል። በ1869 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በታዝማኒያ የተወለደ፣ በመድረክ ቅኔና ተውኔት በቃሉ የሚያነብ ሰው ነበር። መድረክ ላይ ድምፁ እየተዘጋ አስቸገረው። ሐኪም ያዘዘለት ዕረፍት ለጊዜው ያሻለዋል፣ ሲመለስ ያው ይሆናል። ከዚያ በመስታወት ፊት ቆሞ ራሱን ማየት ጀመረ። መናገር ሲጀምር ጭንቅላቱን ወደ ኋላና ወደ ታች እንደሚስብ፣ ጉሮሮውን እንደሚጫን አየ። ያንን ልማድ በትዕግሥት ሲተው ድምፁ ተመለሰለት። በስሙ የሚጠራው ስልት ዛሬ በብዙ አገር የሙዚቃና የቴአትር ትምህርት ቤቶች ይሰጣል።

እናንተ በእጃችሁ መፈተን ትችላላችሁ። አንድ እጃችሁን ማጅራታችሁ ላይ አሳርፉና ከፍ ያለውን ስንኝ ዝፈኑ። ማጅራቱ እጃችሁ ሥር ከተጨማደደ እያንጋጠጣችሁ ነው። አገጩን ትንሽ መልሱ፣ የጭንቅላታችሁ አናት ወደ ላይ ይሂድ፣ መንጋጋው ይውረድ። ድምፁ መጀመሪያ ላይ ያነሰ ይመስላችኋል። ከሩቅ ያለ ጓደኛ ጠይቁ፤ እንደበለጠ ይነግራችኋል።

ቀረርቶ ላይ ፊት ቀና ይላል፣ ያ የእኛ ወግ ነው። ቀና ይበል፤ ግን ደረትና ዓይን ይነሱ እንጂ ማጅራት አይታጠፍ።

መሰንቆ ለያዛችሁ

መሰንቆ አንድ ጭራ ነው፤ ጣት የሚጫንበት ሰሌዳ የለውም። ጣቱ ጭራውን በአየር ላይ ነው የሚነካው። ስለዚህ የግራ እጅ ጭብጥ ካደረገ ሁሉም ነገር ይበላሻል። አውራ ጣት አንገቱን ይደግፍ እንጂ አይነቅ። ፍርሃት ሲመጣ መጀመሪያ የሚጨብጠው እሱ ነው፤ ከእሱ ወደ ክንድ፣ ከክንድ ወደ ትከሻ ይሄዳል። ዘፈኑ መሐል ላይ የግራ ትከሻችሁን አስታውሱና አውርዱት።

እየዘፈናችሁ የምትጫወቱ ደግሞ ጣታችሁን ማየት ተዉ። ስታዩ ታቀረቅራላችሁ፣ ጉሮሮ ይታጠፋል፣ ግጥሙ ወደ መሰንቆው ገበቴ ይወርዳል። ቤት ውስጥ መብራት አጥፍታችሁ ተለማመዱ። ጣት ቦታውን በጆሮ ያገኘዋል።

ቆማችሁ የምትጫወቱ ማንገቻውን መድረክ ላይ አታስተካክሉ። ልምምድ ላይ ልኩን ይዛችሁ ቋጠሮውን ስፉት። ገበቴው እንዳይወዛወዝ ወገባችሁ ላይ ይደገፍ። ያኔ መሣሪያውን የሚሸከመው ማንገቻው ይሆናል፤ እጃችሁ ይፈታል።

ደጋኑ በፍርሃት ሲንቀጠቀጥ አጫጭር ምት አትምቱ። በአንድ ረጅም ስቦሽ ጀምሩ፤ ክንዱ ከክርን ይሂድ፣ አንጓው ላላ ይበል። የጥር ሌሊት ብርድ ደብረ ማርቆስ ላይ ጣት ያደነዝዛል። ተራችሁ እስኪደርስ እጃችሁ ጋቢ ውስጥ ይሁን፣ የሻይ ብርጭቆ ያዙ። የደነዘዘ ጣት ይዞ የወጣ ሰው ስሕተቱን ሁሉ የፍርሃት ያደርገዋል።

ልብ ሲመታ

ልብ ይመታል። እጅ ያልባል። አፍ ይደርቃል። ይህ አድሬናሊን የሚባለው ንጥረ ነገር ሥራ ነው፤ ሰውነት ለትልቅ ነገር ሲዘጋጅ ያመነጨዋል። አይጠፋም፤ ልምድ ያለውም ሰው አለበት። የሚደረገው ማስተናገድ ነው።

ከመውጣታችሁ በፊት አትቀመጡ። በቀስታ ተራመዱ፣ እጃችሁን አራግፉ፣ መንጋጋችሁን በእጃችሁ አሹት። ከማስገባቱ ይልቅ ማስወጣቱን አስረዝሙ፤ ረጅም የማስወጣት ትንፋሽ የልብን ምት ዝግ ያደርጋል። ግጥሙን ሁሉ አትከልሱ። የመጀመሪያውን ስንኝ ብቻ በልባችሁ በሉ።

አረቄ አትቅመሱ። ወንዶቹ ሁልጊዜ አንዲት መለኪያ ለድፍረት ይላሉ። አረቄው ፍርሃቱን ሲያደነዝዝ ጆሮንና ጣትንም ያደነዝዛል። የቅኝቱን መዛባት ሰካራሙ ዘፋኝ አይሰማም፣ እንግዳው ይሰማል። ውጭ አገር ልብን ለማብረድ ኪኒን የሚወስዱ ሙዚቀኞች አሉ። ያ የሐኪም ጉዳይ ነው፤ አስም ያለበትን ሰው ሊጎዳ ይችላልና ከጓደኛ ተቀብላችሁ አትዋጡ።

ዓይን የት ይሂድ

እኛ ትልቅ ሰው ፊት ማቀርቀር ተምረን ያደግን ነን። መድረክ ላይ ይህ ጨዋነት ወደ ድብቅነት ይለወጣል። ሁለቱን እንዲህ አስታርቁ። ስትወጡ መጀመሪያ ሽማግሌዎቹ ወደ ተቀመጡበት ዞራችሁ ከወገባችሁ ጎንበስ በሉ፣ እጅ ንሡ። አክብሮታችሁን ከፈላችሁ። ከዚያ ቀና በሉና ዓይናችሁን ከተቀመጠው ሰው ፀጉር ትንሽ ከፍ ብሎ አሳርፉት። ፍጥጥ አላላችሁም፣ አላቀረቀራችሁም። እያንዳንዱን ስንኝ ለአንድ ወገን ስጡት፤ አንዱ ለቀኝ፣ አንዱ ለግራ፣ አንዱ በሩ ላይ ቆመው ለሚያዩት ልጆች። ቀስ ብላችሁ ዙሩ፤ መጀመሪያ ዓይን፣ ከዚያ አንገት፣ ከዚያ ደረት።

ባዶ እጅ ምን ያድርግ የሚለው ቀላል ነው። ይውረድ። ነጠላው እንዳይንሸራተት ከትከሻው ላይ በመርፌ ቁልፍ ይያዝ፤ ያኔ እጅ የሚጨብጠው ነገር አያገኝም።

ሽልማት ሲመጣ

ይህ ማንኛውም የውጭ አገር መምህር የማያስተምራችሁ ነው። እየዘፈናችሁ አንድ አጎት ከወንበራቸው ይነሳሉ። ብር ይዘዋል። ሊሸልሟችሁ ነው፤ ግንባራችሁ ላይ ሊለጥፉ ነው።

ጀማሪው ሦስት ነገር ያደርጋል። ወደ ኋላ ይሸሻል፣ ዓይኑን ይጨፍናል፣ መዝፈኑን ያቆማል። እንዲህ አድርጉ። ሲመጡ ስታዩ ቀድማችሁ ወደ እሳቸው ዙሩ። እግራችሁ ይርጋ፤ ሁለት እርምጃ ሲቀራቸው ከጉልበታችሁ ዝቅ በሉ። አንገታችሁን አትስበሩ፤ ከአንገት ከሰበራችሁ ድምፁ ይታነቃል፣ ከጉልበት ከወረዳችሁ ግን ግንባራችሁ እሳቸው ዘንድ ይደርሳል፣ ጉሮሮውም ክፍት ይቆያል። ብሩ ሲለጠፍ ስንኙን ቀጥሉ። ላብ ከሌለ አይይዝም፣ ይወድቃል። ይውደቅ። አትጎንበሱ፣ በዓይናችሁም አትከተሉት። የሚለቅም ሰው ከቡድናችሁ አስቀድማችሁ መድቡ። ማይክ የያዘው እጃችሁ ከአፋችሁ ሦስት አራት ጣት ርቆ ይቆይ፤ ሰው ሲጠጋ ማይኩን ወደ አፍ መግፋት የሁሉም አመል ነው።

«ተቀበል» ብሎ ግጥም የሚያቀብል እንግዳ ሲመጣም ሰውነታችሁ ይስማው። መሰንቆው ዝግ ይበል እንጂ አይቁም። ጆሮ ብቻ ሳይሆን ደረታችሁን ወደ ሰውየው አዙሩ። አጋማሹን ሰምታችሁ ጭንቅላት አትነቅንቁ፤ እስከ መጨረሻው ስሙ፣ ከዚያ ወደ እንግዳው ሁሉ ዞራችሁ መልሱለት። የሰጠው ሰው መከበሩን የሚያውቀው ግጥሙን በትክክል በመመለሳችሁ ብቻ አይደለም፣ ስትሰሙት በቆማችሁት አቋም ጭምር ነው።

ስልኩን አስቀምጡና ድምፁን አጥፉ

በ2013 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የወጣ አንድ የታወቀ ጥናት አለ። ለሰዎች የሙዚቃ ውድድር ቀረጻ ተሰጥቷቸው አሸናፊውን እንዲገምቱ ተጠየቁ። ድምፅ ከሰሙት ይልቅ ድምፅ የሌለው ምስል ያዩት የተሻለ ገመቱ፤ ባለሙያዎቹም እንዲሁ። እኔ ይህን የማነሳው ድምፅ ዋጋ የለውም ለማለት አይደለም። ሰው በዓይኑም እንደሚሰማ አውቃችሁ እንድትዘጋጁ ነው።

ስልካችሁን ከእግር እስከ ራስ በሚያሳይ ርቀት አስቀምጡና አንድ ዘፈን ቅረጹ። መጀመሪያ ድምፁን አጥፍታችሁ እዩት። አንድ ነገር ብቻ ፈልጉ፤ ዛሬ ጉልበት፣ ነገ ትከሻ፣ ከነገ ወዲያ አገጭ። ሁሉን በአንድ ቀን የሚያርም ሰው መድረክ ላይ ራሱን ሲቆጣጠር ይውላል፤ ዘፈኑን ይረሳል። ከዚያ ስልኩን በፊቱ ደፍታችሁ ድምፁን ብቻ ስሙ። ድምፁ የተሰበረበትን ደቂቃ ጻፉና ምስሉ ላይ ተመለሱ። ብዙውን ጊዜ እዚያው ቦታ ላይ ትከሻ ተነስቷል፣ ወይ ጉልበት ተገትሯል።

ስትወርዱ

የመጨረሻው ድምፅ ሲያልቅ ወዲያው አትፈቱ። ድምፁ ዳሱን ለቆ እስኪወጣ በቆማችሁበት ቆዩ፣ ከዚያ እጅ ንሡ፣ ከዚያ ውረዱ። ስሕተት ቢኖር እንኳ ፊታችሁን አታጨማድዱ፣ ምላሳችሁን አታውጡ፣ ለጓደኛችሁ በዓይን አትጥቀሱ። አብዛኛው ሰው አላወቀም፤ የምትነግሩት እናንተ ናችሁ።

ከዳሱ ጀርባ ስትደርሱ ወዲያው አትቀመጡ። ጥቂት ተራመዱ። ትከሻችሁን በቀስታ አዙሩ። ላባችሁን በደረቅ ጨርቅ ጥረጉና ጋቢ ደርቡ፤ የዚህ አገር ንፋስ የላበ ጀርባ ካገኘ ያንቀጠቅጣል። ለብ ያለ ውኃ ጠጡ። መሰንቆ የያዛችሁ ጭራውን ላላ አድርጉ፣ ደጋኑን ጥረጉ። ከበሮ መቺውን ደግሞ ከማንገቻው አግዙት፤ ከሁላችሁ የበለጠ ወገቡ የሚታመመው እሱ ነው።